412 ፎቶ አንስቼ የረባ አጣሁ፤ ልጆች ይዛችሁ መዝናኛ ቦታ ስትሄዱ እንዴት ነው የምታነሱት?

የማርቆስ አባወራ · ሚያዝያ 16

ሰላም ጎጃሞች፤ ጎጃሜ ያልሆናችሁም። በዓል እንዴት ነበር?

የፋሲካ ማግስት ቤተሰቡን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ሄድኩ። እናቴ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆች። ትልቁ 11፣ መካከለኛዋ 7፣ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። እናቴ ጣናን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር። ሐይቅ ዳር ካሉት የልጆች መጫወቻዎች አንዱ ጋ ዋልን። ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ የሚሽከረከር ፈረስ፣ ጀልባ፣ ሁሉንም አዳረስን። በማግስቱ ጢስ ዓባይ ወረድን።

412 ፎቶ አንስቻለሁ። ማታ ጋደም ብዬ አንድ በአንድ ሳያቸው ወሽመጤ ተቆረጠ። እናቴ ሐይቁን ጀርባ አድርጋ ቆማለች። ነጠላዋ ቦግ ብሎ ይታያል፣ ፊቷ ግን የለም። ነጠላ ብቻውን የቆመ ነው የሚመስለው። ልጄ ዥዋዥዌ ላይ ያለችበት ሁሉ ወይ ግማሽ እግር ነው ወይ ጭጋግ። ሦስቱን አሰልፌ ያነሳኋቸው ደግሞ መታወቂያ ሊያወጡ የመጡ ይመስላሉ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንዷ ተኮሳትራለች፣ ትንሹ ጭራሽ ዞሮ ጀልባ ያያል። ጢስ ዓባይም ሄደን ጢሱ አልነበረም። ዓባይ ብቻ።

ስልኬ መካከለኛ ሳምሰንግ ነው። ካሜራ የመግዛት አቅሙም ሐሳቡም የለኝም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ እንጦጦ ፓርክ እወስዳችኋለሁ ብዬ ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ። ያኔም እንዲሁ እንዳልሆን ምከሩኝ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጣና ዳር · ሚያዝያ 16

በስንት ሰዓት ነው ያነሳኸው?

የማርቆስ አባወራ · ሚያዝያ 16

አብዛኛው ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው። 10 ሰዓት ላይ ልጆቹ ስለደከሙ ወደ ማረፊያችን ገባን።

ቴክኖ ብቻ · ሚያዝያ 16

ከሁሉ በፊት፣ ሌንሱን ጠርገኸዋል? የፋሲካ ማግስት ነው ያልከው። እዚያ ስልክ ላይ የስንት ዶሮ ወጥ ቅባት እንዳለ እግዜር ይወቀው። ያ ጭጋግ የምትለው ቅቤ ነው።

የማርቆስ አባወራ · ሚያዝያ 16

ሳቄን አመጣኸው። አሁን አየሁት። የትንሹ ልጅ አውራ ጣት ከነምልክቱ አለ።

ጣና ዳር · ሚያዝያ 16

ቅባቱም አለበት፣ ግን ዋናው ሰዓቱ ነው። ፀሐይዋ ለስለስ ስትል አንተ ገባህ።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ፤ ስለዚህ ፀሐይዋን አውቃታለሁ። እኛ ጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። አንዱ ሚያዝያ 12 አካባቢ ነው፣ ሌላው ነሐሴ 17 አካባቢ። አንተ የመጣኸው ልክ በዚያው ሳምንት ነው። ያውም መሃል ሰማይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ይቀድማታል። በዚያ ሰዓት ጥላህን ብትፈልገው ጫማህ ሥር ነው። ግንባር ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ። ደህና የነበረው ሰው ከሕመም የተነሳ ይመስላል።

እኔ የማነሳው ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ተኩል ጀምሮ ነው። ምሽት ላይ ግን አትዘናጋ። እኛ አገር ጀንበር ከጠለቀች ወዲያ ያለው ብርሃን ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ቀን ላይ ግድ ከሆነ ጥላ ፈልግ። ሐይቅ ዳር ዋርካ ሞልቷል። ግን መሃሉ አትግባ፤ በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ፊትን ያዥጎረጉረዋል። ጥላው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ አቁማቸው፣ ፊታቸውን ወደ ገላጣው አዙር። በቃ።

ቴክኖ ብቻ · ሚያዝያ 16

ልጆች እኮ 11 ሰዓት ላይ የሚሉት እራት ነው፣ ፎቶ አይደለም። የጀንበር ብርሃን የሚጠብቀው ልጅ የሌለው ሰው ነው።

የሁለት ልጆች እናት · ሚያዝያ 17

ቴክኖ ብቻ እውነቱን ነው። ስለዚህ ጠዋትን ያዙ። ልጅ ደህና የሚሆነው ቁርስ በልቶ እስኪርበው ባለው ሰዓት ነው። በር ሲከፈት ግቡ። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ከኋላ የማታውቁት ሰው ጋቢ አይታይም፣ ወረፋም የለም። ከምሳ በኋላ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱትና ተጫወቱ። እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው፤ ፎቶው ሩብ ሆነ፣ ጥሩው ግን በዛ።

አንድ ነገር ግን በር ላይ ሳታደርጉ እንዳትገቡ። እያንዳንዱን ልጅ ከአናቱ እስከ ጫማው በዚያ ቀን በለበሰው ልብስ አንሱት። ይሄ ለትዝታ አይደለም። ልጅ ሕዝብ መሃል ሲጠፋ "ምን ለብሶ ነበር?" ይሏችኋል። እኔ አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ የልጄ ሹራብ ቀለም ጠፋብኝ። ደግነቱ ፎቶው ነበር፤ ለጥበቃው አሳየሁት፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከአይስክሬም ሻጩ ጎን ቆሞ ተገኘ። እግሬ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

ጨለማ ክፍል · ሚያዝያ 17

ልጄ፣ እኔ እዚያው ማርቆስ ፎቶ ቤት ነበረኝ። አሁን ተዘግቷል። ስልክ ዘጋው ማለት ይቀላል። 412 ስትል ደነገጥኩ። በእኛ ጊዜ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ነው፣ የትልቁ ካሜራ ደግሞ 12። ሠርግ በሁለት ጥቅል እንጨርስ ነበር።

የእናትህን ነገር ላስረዳህ። ካሜራ ሞኝ ነው። ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ብዙ ብርሃንና ትንሽ ብርሃን ነው። ያየውን ሁሉ መሃል ላይ ወዳለ ግራጫ ሊጎትት ይፈልጋል። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ሰማይ፣ የሚያብለጨልጭ ውኃ ባንድ ላይ ሲመጣበት "ኧረ በዛብኝ" ብሎ ያጨልማል። ሐይቁና ነጠላው ልክ ይሆኑለታል፤ ጠይም ፊት ግን ከሰል ሆኖ ይቀራል። በየጥምቀቱና በየፋሲካው ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ፊት አልባ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመጫንህ በፊት ስክሪኑ ላይ የእናትህን ፊት በጣትህ ንካው። አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ፊታቸው እስኪፈካ ከፍ አድርጋት። ሰማዩ ነጭ ይሆናል። ይሁን። ሰማዩን ማን ጠየቀው? አንተ ይዘህ የሄድከው እናትህን ነው።

በፊልም ጊዜም ጣጣው ይሄው ነበር። የኮዳክ ቀለም የሚስተካከልበት ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ሸርሊ ይሏታል። እኛን ያሰበ አልነበረም። ጥቁርና ነጭ ስናጥብ ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በእጃችን እየከለልን ነበር ሰውን ከጨለማ የምናወጣው።

የማርቆስ አባወራ · ሚያዝያ 17

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ጋ እኮ የስምንተኛ ክፍል ፎቶዬን ሳልነሳ አልቀርም። "አገጭህን ዝቅ፣ አትተንፍስ" የሚሉት እርስዎ ነበሩ?

ጨለማ ክፍል · ሚያዝያ 17

ሁላችንም እንላለን። ከቀበሌ ጀርባ ያለው ከሆነ እሱ ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ይቆጣል።

ቡሬ 07 · ሚያዝያ 17

እኔ ደግሞ እንዲህ ልበል። ልጆቹን ለምን ዝም ብላችሁ አታጫውቷቸውም? ሰው ጢስ ዓባይ ድረስ ሄዶ ዓባይን በስክሪን ያያል። ባለፈው አንዱ አባት ልጁን ከሸርተቴው ሦስት ጊዜ ሲያስወጣው አየሁ፤ "አልተነሳም፣ ድገመው" እያለ። ልጁ በሦስተኛው አለቀሰ። ፎቶ ምን ይሠራል? ትዝታ በልብ ነው።

የቢቸናዋ · ሚያዝያ 17

ቡሬ፣ ስለ ሸርተቴው ልክ ነህ። ስለ ልብ ግን አልስማማም።

አባቴ ያረፈ ዕለት ለለቅሶው የምናቆመው ፎቶ አጣን። ሰባት ልጆች ነን። በስምንት ስልክ ውስጥ ስንፈልግ አደርን። የበግ ፎቶ አለ፣ የመኪና ፎቶ አለ፣ የእኛ ሴልፊ ሞልቷል። አባዬ ያለበት አንድ የክርስትና ፎቶ ተገኘ፤ እሱም ከሰው ትከሻ ኋላ ግማሽ ፊቱ። በመጨረሻ ከመታወቂያው ላይ አስነስተን አሳደግነው። ሲያድግ ፊቱ ተበተነ። ያ የተበተነ ፎቶ ነው ዛሬም ግድግዳችን ላይ ያለው።

ስለዚህ አንሳ ወንድሜ። እናትህን ደጋግመህ አንሳ። 412ም አልበዛም።

ቡሬ 07 · ሚያዝያ 17

ነፍስ ይማር እህቴ። ቃሌን አነሳለሁ። የሸርተቴውን ግን አላነሳም።

የሁለት ልጆች እናት · ሚያዝያ 18

የማርቆስ አባወራ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ412ቱ ውስጥ ባለቤትህ ያለችበት ስንት ነው? አንተስ?

የማርቆስ አባወራ · ሚያዝያ 18

ቆጠርኩት። ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር። ባለቤቴ 9 ላይ አለች። አራቱ ላይ ጀርባዋ ነው፣ ሁለቱ ላይ የልጅ አፍንጫ እየጠረገች ነው። እኔ አንድም ላይ የለሁም። የእኔ ጥላ ያለበት አንድ አለ።

ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ስልኩን ነጥቃኝ ስድስት ፎቶ አንስታ ነበር። አምስቱ የራሷ ጫማ ነው። ስድስተኛው ላይ እናቴ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ከሥር ወደ ላይ የተነሳ ነው። ፊቷ ፍንትው ብሎ ይታያል። እየሳቀችም ነው። ከሁሉም የእናቴ ፊት የሚታይበት እሱ ብቻ ነው። እኔ 50 ጊዜ አቁሜያት ያላገኘሁትን።

ጨለማ ክፍል · ሚያዝያ 18

ነጠላቸውስ የት ነበር? ጭናቸው ላይ ነበር?

የማርቆስ አባወራ · ሚያዝያ 18

አዎ! ብርቱካኑ እንዳያቆሽሸው ገልብጣ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። እንዴት አወቁ?

ጨለማ ክፍል · ሚያዝያ 18

ብርሃኑ ነገረኝ። ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ከፊት ገላጣ ነው፣ ጭናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አለ። ብርሃኑ ነጠላው ላይ አርፎ ወደ ፊታቸው ይመለሳል። የዓይናቸውን ጉድጓድ የሚሞላው እሱ ነው። እኔ ሙሽራ ሳነሳ ረዳቴ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ከሥር ይንበረከክ ነበር። ሰው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ በውድ ይገዛል። እናንተ ግን በየቤታችሁ ጋቢ አላችሁ።

ሲቆሙ ፊታቸውን ያጠፋው ነጠላ ሲቀመጡ ያበራላቸው ያው ነጠላ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ የእናትህ ዕድሜ ሰው ፎቶ ማለት ፎቶ ቤት ነው። ቁም ሲባል ይቆማል፣ ይደርቃል። ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን ይረሱታል። ብርቱካን ስጣቸው። ቆሎ ስጣቸው። የልጅ ፀጉር ይሥሩ።

ቾክ ማዶ · ሚያዝያ 19

የዥዋዥዌው ነገር ሳይመለስ ቀረ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ዥዋዥዌ በጣም የሚፈጥነው መሃል ላይ፣ ወደ መሬት ሲጠጋ ነው። ጫፍ ሲደርስ ለቅጽበት ቆሞ ይመለሳል። ሁላችንም ግን የምንጫነው ልጁ ፊታችን ድቅን ሲል ነው፤ ማለትም እጅግ በሚፈጥንበት ቦታ። ስልኩም ከተጫንክ በኋላ ትንሽ ይዘገያል። ግማሽ እግር ያገኘኸው ለዚህ ነው። ጫፉ ላይ ጠብቃት። ፀጉሯ የሚበተነውም፣ እግሯ የሚዘረጋውም፣ አፏ የሚከፈተውም እዚያ ነው። መረብ ላይ የሚዘል ልጅም እንደዚሁ ነው፤ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

የሚሽከረከረውን ፈረስ ደግሞ እየተከተልክ አትሩጥ። እሱ ራሱ ዞሮ ይመጣል። ከኋላው ሽቦና ቆሻሻ የሌለበትን ቦታ መርጠህ ቁም። የሌላ ሰው ልጅ እዚያ ሲደርስ ስክሪኑን ነክተህ ጣትህን አታንሳ፤ ፎከሱ ይቆለፋል። የራስህ ልጅ ሲደርስ ተጫን። ጣትህን ማንሻው ላይ ያዝ ስታደርገው በተከታታይ የሚያነሳ ስልክ አለ። የአንዳንዱ ስልክ ማንሻውን ወደ ጎን መጎተት ይፈልጋል። እዚያ ላይ አሥር ይነሳ፣ ማታ ዘጠኙን አጥፋ።

ስልክህ "ፕሮ" የሚል ካለው የመዝጊያውን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ አድርገው። ለሚሮጥ ልጅ ይበቃል። በተቃራኒው 1/30 ላይ አድርገህ ስልኩን ከልጁ ጋር እኩል ብታዞረው ልጁ ጥርት ብሎ ዓለሙ ሁሉ መስመር ይሆናል። ከሃያ አንዱ ቢሳካ ነው። ሲሳካ ግን ልብ ያሞቃል።

ቴክኖ ብቻ · ሚያዝያ 19

መምህር፣ ይሄን ክፍል ውስጥ ቢያስተምሩን ኖሮ ፊዚክስ ባልወደቅሁ።

ጣና ዳር · ሚያዝያ 19

ስለ ጢሱም ልንገርህ። ጢስ ዓባይ ሚያዝያ ላይ ጢስ የለውም። አንደኛ በጋ ነው፤ ሁለተኛ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። ከነሐሴ እስከ መስከረም ና። ከ40 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ያኔ ጢስ ምን እንደሆነ ታያለህ። ቀስተ ደመናውን ከፈለግክ ፀሐይዋ ከጀርባህ ትሁን፤ እሷን ፊት ለፊት እያየህ ቀስተ ደመና አይገኝም። ደረቅ ጨርቅ ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ሌንሱ ወዲያው ይረጥባል። ልጆቹን ደግሞ ጫፍ ላይ አቁመህ "ትንሽ ወደ ኋላ" አትበል። ይሄን ስል በቀልድ አይደለም።

በጀልባ ዘጌ ከሄዳችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስፈቅዱ፣ ፍላሽም አጥፉ።

የደጀን ወጣት · ሚያዝያ 20

ከላይ በድሮን ብታስነሱትስ? ሐይቁ፣ ከተማው፣ አዲሱ ድልድይ ቢታይ አሪፍ ነው።

ቡሬ 07 · ሚያዝያ 20

ድሮን? በዚህ ጊዜ? ወንድሜ ቃሉን እንኳ አታንሳብን።

ቴክኖ ብቻ · ሚያዝያ 20

አለፈ፣ አለፈ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ግን ማታ መብራቱ ሲበራ ሄደህ እየው። 380 ሜትር ነው። ልጆቹ መብራቱን ያያሉ፣ አንተ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፈህ ታነሳለህ። በእጅ ከያዝከው ማታ ይንቀጠቀጣል።

የዳንግላ ስደተኛ · ሚያዝያ 21

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ልጆቼን ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ፤ ስለዚህ ስለ እሱ ልናገር።

ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የማርቆስ ሰው ብርድ ያውቃል፣ ግን ልጆቹን ደርብ። በረዳቸው ማለት አኮረፉ ማለት ነው፤ ያኮረፈ ልጅ ደግሞ ፎቶ የለውም። ክረምት ላይ ጉም ይወርዳል። ሰው ጉም ሲያይ ስልኩን ይከታል፤ አንተ ያኔ አውጣው። ደመናና ጉም ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ጣና ዳር ያለው የፊት ጥላ የለም። ባሕር ዛፎቹም በጉም ውስጥ ሲቆሙ የሚያምሩት ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ከወጣ ግን ያው ባሕር ዛፍ ጠላት ነው፤ ፊት ሁሉ ነብር ይሆናል።

በገመድ የሚንሸራተቱበት ላይ ከመነሻው ጋ አትቁም፤ የምታገኘው ጀርባ ነው። መድረሻው ጋ ቁም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከመንሸራተቱ በፊት ወረፋ ላይ ያለው ነው። ልጁ ፈርቷል፣ አልፈራሁም ይላል፣ የእህቱን እጅ ይዟል። ከወረደ በኋላም ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይለፈልፋል። እነዚህን አንሳ። አየር ላይ ያለውን ሁሉም ሰው አለው፤ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ አይለይም። ዙም አድርጌ አመጣዋለሁ አትበል፤ የአብዛኛው ስልክ ዙም ፎቶውን መቁረጥ ነው እንጂ መቅረብ አይደለም።

ስትመጣ ዓባይ በረሃ ላይ ከደጀን በኩል ጠዋት ቆም ብለህ ሸለቆውን አንሳ። ድልድዩ ላይ ግን ስልክ አታውጣ፣ ጥበቃዎቹ አይወዱም።

የቢቸናዋ · ሚያዝያ 21

ለቤተሰብ ስታካፍሉ ቴሌግራም ላይ ዝም ብላችሁ አትላኩ፤ አሳንሶ ነው የሚልከው። እንደ ፋይል ላኩት። እኛ የአባዬን የክርስትና ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው ያገኘነው። ዋናው ተሰርዞ ነበር።

የማርቆስ አባወራ · ነሐሴ 25

ተመለስኩ። እንዳትቆጡኝ፤ ፍልሰታ እስኪፈታ ጠብቀን ነው የሄድነው፣ እናቴ ጾሟን አታፈርስም።

እንጦጦ ሁለት ቀን ዋልን። ያነሳሁት 96 ነው። ጋሼ ጨለማ ክፍል ሆይ፣ ከሁለት ጥቅል ትንሽ ቢያልፍ ይቅር ይበሉኝ።

ያልተሳካውን ልጀምር። በ1/30 አዙረህ አንሳ የተባለውን ሞክሬ ሰላሳ ጊዜ ጭቃ አነሳሁ። መምህር ከሃያ አንዱ ብለው ነበር፣ እኔ ጋ ከሰላሳ ዜሮ ነው። ትልቁ ልጄ ደግሞ አደግኩ ብሎ መነሳት ጠልቷል። ካሜራ ሲያይ ፊቱን ይሸፍናል። ሁለተኛው ቀን ላይ መላ መጣልኝ። "በቃ አንተ አንሺው ሁን" አልኩት። ስልኩን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። በእሱ ምክንያት እኔና ባለቤቴ ባንድ ላይ ያለንበት አራት ፎቶ አገኘን። ከሠርጋችን ወዲህ ሁለታችን ብቻ የተነሳነው ፎቶ አልነበረንም። አንዱ ላይ እየተጨቃጨቅን ነው፣ ስለ መኪና ማቆሚያ። እሱ ነው ደስ የሚለኝ።

በር ላይ ሦስቱንም ከአናት እስከ ጫማ አነሳኋቸው። አልጠፉም፣ ተመስገን።

ጉሙ እንደተባለው ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ካፌው ሮጠ። እኛ ቀረን። ትንሹ ልጅ ጉሙን ሊይዝ እጁን እየዘረጋ ሲሮጥ ተከታታይ አነሳሁት፣ አሥራ አንዱን አጥፍቼ አንዱን አስቀረሁ። ወረፋ ላይም ሴት ልጄ የወንድሟን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች። እሱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ያልፈራ መስሎ። ይሄን ዝም ብዬ ነው ያነሳሁት፣ "እዩኝ" አላልኩም።

እናቴን አላቆምኳትም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ከማርቆስ ይዘን የመጣነውን ቆሎ ሰጠኋት። እየቆረጠመች ልጆቹን ታያለች። ፊቷን ነካሁ፣ ፀሐይዋን ከፍ አደረግኩ፣ ተጫንኩ። ዝቅ ብዬ፣ ልጄ እንዳነሳቻት።

ማታ ላሳያት ስልኩን ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው። "ጥሩ ነው። ወረቀቱስ የታል?" አለችኝ።

የሁለት ልጆች እናት · ነሐሴ 25

እኔ እኮ የመኪና ማቆሚያውን ፎቶ ነው ማየት የፈለግኩት።

ጨለማ ክፍል · ነሐሴ 25

እናትህ ልክ ናቸው። በስልክ ያለ ፎቶ ገና አልተነሳም። ዋናውን ፋይል በፍላሽ ይዘህ ና። ፎቶ ቤቱ ቢዘጋም ማተሚያውን አልሸጥኩትም፣ የሚገዛም አልመጣም። ጠርዙን ሳልቆርጥ አትምልሃለሁ። ክፈፉን ግን ራስህ ፈልግ።

የማርቆስ አባወራ · መስከረም 4

እንኳን አደረሳችሁ። ጋሼ አትመውልኛል፣ ሂሳብም አልቀበልም ብለዋል። የቡና ተነጋግረናል።

እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርጋ ሰቅላዋለች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ቆሎውን እያሳየች "ከማርቆስ የተጫነ ነው" ትላለች። እንጦጦን አታነሳም።

ቴክኖ ብቻ · መስከረም 4

ሰማዩስ እንዴት ሆነ?

የማርቆስ አባወራ · መስከረም 4

ነጭ ነው። ማን ጠየቀው።